ከሚሊዮን መቶው ብቻ

1ን ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እያላችሁ እስከ 1,000,000 ድረስ አካፍሉ እንበል። ግማሽ 0.5 ይሆናል፤ አለቀ። ሩብ 0.25 ይሆናል፤ እሱም አለቀ። ሲሶ ግን 0.3333 እያለ ይሄዳል እንጂ አያልቅም። ከአንድ ሚሊዮን አካፋዮች ውስጥ ወደ አስርዮሽ ሲለወጡ የሚያልቁት ስንቶቹ ናቸው? ግማሾቹ? ሲሶዎቹ? መልሱ 100 ነው፤ ያውም 1ን ራሱን ቆጥረን። የቀሩት 999,900 ክፍልፋዮች ከነጥቡ ወዲያ መጨረሻ የላቸውም።

ነገሩ ያለው በምንቆጥርበት በአስር ላይ ነው። 10 የሚገኘው 2 እና 5 ሲባዙ ነው፤ ሌላ የለበትም። ስለዚህ አንድ ክፍልፋይ እስከ መጨረሻው ከቀለለ በኋላ ታህቱ በ2 እና በ5 ብዜት ብቻ የተሠራ ከሆነ ያልቃል። 3፣ 7 ወይም 11 ጣልቃ ከገባበት ግን አከተመለት፤ አያልቅም። እስከ 100 ካሉት ታህቶች የሚያልቁት 15 ናቸው፤ እስከ 1,000 ካሉት 29፤ እስከ ሚሊዮን ካሉት ደግሞ 100። ሜዳው አሥር ሺህ ጊዜ ሰፍቶ፣ የሚያልቁት ሰባት እጥፍ እንኳ አልሞሉም። ልጅ ሆነን ደብተራችንን የሞሉት ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ አምስተኛና አንድ ስምንተኛ ስለነበሩ ማለቅ ደንብ፣ አለማለቅ ደግሞ ከደንብ መውጣት ይመስለናል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

አያልቅም ማለት ታዲያ ዝም ብሎ ይዝረከረካል ማለት አይደለም። እስክሪብቶ አንሡና 1ን ለ7 አካፍሉ። 10 ለ7 ሲካፈል 1 ደርሶ 3 ይቀራል። 30 ለ7፣ 4 ደርሶ 2 ይቀራል። 20 ለ7፣ 2 ደርሶ 6። 60 ለ7፣ 8 ደርሶ 4። 40 ለ7፣ 5 ደርሶ 5። 50 ለ7፣ 7 ደርሶ 1 ይቀራል። የጀመርነውም በ1 ነበር! ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ያለፈው ነው፦ 0.142857 142857 142857፣ እንዲህ እያለ ለዘላለም።

ዓይናችን የሚያየው ድርሻውን ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት ግን ቀሪዎቹ ናቸው። በቅደም ተከተል 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5፣ 1 ወጡ። ለ7 ስናካፍል ከ1 እስከ 6 ካሉት በቀር ሌላ ሊቀር አይችልም፤ ስድስቱም አንድ አንድ ጊዜ ወጥተው ተራቸውን ጨረሱ። ሰባተኛ አዲስ ቀሪ ከየት ይመጣል? ስለዚህ መመለስ ግድ ነው። ሁለት ሰባተኛ 0.285714 ብሎ የሚጀምረው፣ ሦስት ሰባተኛም 0.428571 የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስድስቱ ክፍልፋዮች በአንድ ቀለበት ላይ ይዞራሉ፤ የሚለያዩት በመነሻቸው ብቻ ነው። አልፎ ተርፎም 142857ን ከመሃል ቁረጡና ሁለቱን ግማሾች ደምሩ፤ 142 ሲደመር 857፣ 999 ይሆናል። እኔ ይህን ቀለበት ስንት ጊዜ ባየው አይሰለቸኝም።

እንግዲህ የአንድ ክፍልፋይ ዑደት፣ ማለትም የሚደጋገመው የአሃዝ ቀለበት፣ ቢረዝም ቢረዝም ከታህቱ በአንድ ያነሰ ነው። አንድ አሥራ ሰባተኛ ወደ መነሻው የሚመለሰው ከ16 አሃዝ በኋላ ነው። አንድ ዘጠና ሰባተኛ 96 አሃዝ ይፈልጋል። አንድ 983ኛ ደግሞ ሳይደግም 982 አሃዝ ይሄዳል። ነገር ግን ትልቅ ቁጥር ሁሉ ረጅም ዑደት አለው ብሎ መደምደም አያዋጣም። ከ97 ጥቂት ብቻ የሚበልጠው 101 በአራት አሃዝ ይመለሳል፤ 0.0099 0099 እያለ። 99,990,001 የሚባል ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ እኩል የማይካፈል) አለ፤ መቶ ሚሊዮን ሊሞላ አሥር ሺህ እንኳ አይጎድለውም፤ ዑደቱ ግን 24 አሃዝ ብቻ ነው። አንድን ለ998,001 ያካፈለ ሰው ደግሞ ይህን ያገኛል፦ 0.000 001 002 003 004 005 … ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥሮች ተሰልፈው ይመጣሉ፤ 998ን ብቻ ዘልለው 999 ሲደርሱ ከ000 እንደገና ይጀምራሉ። ይህ ሁሉ 2,997 አሃዝ የተጠቀለለው በአንዲት ማካፈል ውስጥ ነው።

የየትኛው ብቸኛ ቁጥር ዑደት ረዝሞ የየትኛው እንደሚያጥር ለማየት ጊዜያቸውን የሰጡ ሰዎች ነበሩ። የሒሳብ ሊቁ ጋውስ በ1801 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የእነዚህን ዑደቶች ሠንጠረዥ አስገብቷል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሻንክስ ደግሞ ኮምፒውተር ባልነበረበት በ1874 ከ20,000 በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ፣ የእያንዳንዱ ዑደት ስንት አሃዝ እንደሆነ በእጁ አስልቶ አቅርቧል። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኤሚል አርቲን በ1927 ባቀረበው ግምት መሠረት እንደ 7 እና እንደ 97 ሙሉ ዑደት የሚሄዱት ከመቶ ብቸኛ ቁጥሮች 37 ያህሉ መሆን አለባቸው። በኮምፒውተር የተቆጠረው ሁሉ ከዚህ ጋር ይስማማል። እንደነዚህ ያሉት ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ግን እስከ ዛሬ ያረጋገጠ የለም። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ማካፈል እዚህ ድረስ ይወስዳል።

አንድ አሥረኛስ? ለእኛ 0.1 ነው፤ ከዚህ የቀለለ የለም። ኮምፒውተር ግን የሚቆጥረው በሁለት ነው፤ በ2 ውስጥ ደግሞ 5 የለም። ስለዚህ ለማሽኑ አንድ አሥረኛ እንደ ሲሶ ማለቂያ የሌለው ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ አለበት። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የአሜሪካ ፓትሪዮት ጸረ ሚሳይል ሥርዓት ሰዓቱን የሚቆጥረው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ነበር፤ አንድ አሥረኛን የሚይዘውም በ24 የሁለትዮሽ አሃዝ ብቻ ነበር። የተቆረጠው ትርፍ በእያንዳንዱ ቆጠራ 0.000000095 ገደማ ነው፤ ማንም ከቁብ የማይጥፈው። መሣሪያው ግን 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ሠርቶ ነበር። በ100 ሰዓት ውስጥ 3,600,000 አሥረኛ ሴኮንዶች አሉ፤ ተጠራቅሞ የሴኮንድ ሲሶ ሆነ። በዚያች ሲሶ ሴኮንድ ፓትሪዮቱ ሊያከሽፈው የሚገባው የስከድ ሚሳይል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ፓትሪዮቱ የሚፈልገው ሚሳይሉ በሌለበት ቦታ ነበር። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን የአሜሪካ ወታደሮች ማደሪያ ተመታ፤ 28 ሰዎች ሞቱ።

መቁጠሪያው ሲቀየር የሚያልቀውና የማያልቀውም ይቀየራል። የእኛ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቀንን የሚከፍሉት በአሥር ሳይሆን በስድሳ ነው። አንድ ቀን 60 ኬክሮስ ነው፤ አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ። በ60 ውስጥ 2 እና 5 ብቻ ሳይሆኑ 3ም አለ፤ ስለዚህ የቀን ሲሶ ልክ 20 ኬክሮስ ይሆናል፤ ተርፎ የሚንጠለጠል የለም። ኬክሮስ ለ60 ሲከፈል ካልዒት፣ ካልዒትም ለ60 ሲከፈል ሣልሲት ይባላል። ዓመቱን 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ይሉታል። 15ቱ ኬክሮስ የቀን ሩብ ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት። 6ቱ ካልዒት ደግሞ በ600 ዓመት 3,600 ካልዒት፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቀን ይሞላሉ፤ ጳጉሜን በ600 ዓመት አንዴ 7 ትሆናለች የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። እነዚህ ሁሉ ያልቃሉ። 7 ግን በስድሳም አይበገርም፦ የቀን አንድ ሰባተኛ 8 ኬክሮስ፣ 34 ካልዒት፣ 17 ሣልሲት ይሆናል፤ ከዚያ እንደገና 8፣ 34፣ 17። እዚህ ዑደቱ ሦስት ብቻ ነው።

ክፍፍሉ ካልዒት ላይ አይቆምም። ሣልሲት፣ ራብዒት፣ ኀምሲት እያለ እስከ ሳድሲት ይወርዳል፤ በየደረጃው ለ60። በአንድ ቀን ውስጥ 46,656,000,000 ሳድሲት አለ። ዓይን ተጨፍና እስክትገለጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሳድሲት ያልፋል፤ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ 540,000 ሳድሲት ይገባልና። በስድሳ ቤት እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ስድስተኛ ደረጃ የሆነው ሳድሲት በሴኮንድ አስርዮሽ ሲጻፍ 0.00000185 185 185 እያለ ይቀጥላል፤ አያልቅም።