ሃያ አራት ክፍል፣ አንድ ሥዕል

የሥዕል ክበባችንን ልጆች ሥራ በካኩማ ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ያላየ ወላጅ ያለ አይመስለንም። ከእነዚያ ሥዕሎች መካከል ባለፈው ዓመት አንዷ ተሸጠች። ጀሪካን አዝላ ከውኃ ሰልፍ የምትመለስ ሴት ናት። አንድ የሆቴል ባለቤት ወደዳትና 3,000 ሽልንግ ከፍሎ ይዟት ሄደ። ልጁ ደስ አለው፤ እኛ መምህራኑም አጨበጨብን።

ከወራት በኋላ የጉዞ ፈቃድ ይዞ ዕቃ ሊያመጣ የወጣ አንድ የብሎካችን ነጋዴ እዚያው ሆቴል አደረ። ሴትየዋን ከአልጋው በላይ አገኛት። ጠዋት በር ተከፍቶ ሲያይ በጎረቤት ክፍልም አለች። ጠየቀ፤ በሃያ አራቱም ክፍል አለች። ለካስ ሥዕሉን ፎቶ አንስተው አባዝተውታል።

ተናደድን፣ ጮኽን። ረጋ ብለን ስናስበው ግን ጥፋቱ የእኛም ነበር። ልጁ የሸጠው ሸራውን ብቻ መሆኑን የሚገልጽ አንዲት መስመር እንኳ አላጻፍነውም። በኬንያ የ2001 እ.ኤ.አ. የቅጂ መብት ሕግ ሥዕልን የማባዛት መብት የሠዓሊው ነው፤ በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሸራ ስለተሸጠ መብቱ አብሮ አይሄድም፤ መብትን አሳልፎ መስጠት በጽሑፍና በፊርማ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ገዢው ራሱ አዝዞ ላሠራው ሥዕል ሌላ ስምምነት ከሌለ መብቱ ወደ አዛዡ ይተላለፋል። ስለዚህ ትእዛዝ ሲመጣ ብሩሽ ከማንሳት በፊት መጻፍ ነው።

ከዚህ ጉዳይ የተማርነው ሌላም ነገር አለ። ሆቴልና ምግብ ቤት እንደ እንግዳ አንዲት ሥዕል ወድዶ አይገዛም፤ ክፍሉን ቆጥሮ ነው የሚገዛው። መጠናቸው አንድ የሆኑ፣ ከመጋረጃው ቀለም ጋር የሚስማሙ፣ ፍሬም የገባላቸው፣ በቀኑ የሚደርሱ፣ ደረሰኝ ያላቸው ሥዕሎች ይፈልጋል። ይህ ደግሞ ለእኛ ይሻላል። ዋናው ቤት ይቀመጣል፣ ህትመቱ ይሸጣል።

ለማተም ትልቅ ማሽን ግድ አይደለም። ሊኖሊየም ቆርጦ፣ በመቅረጫ ፈልፍሎ፣ ቀለም በሮለር ቀብቶ ወረቀቱን በማንኪያ ጀርባ ማሸት ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ህትመቱ ተገልብጦ እንደሚወጣ ግን አይረሳ። አንዱ ተማሪያችን ስሙን ቀጥ አድርጎ ቀርጾ ለማንበብ መስታወት ፈልገን ነበር!

ቀለም ቅብ ሥዕል ማባዛት የሚፈልግ በጥላ ቦታ፣ ስልኩን ከሥዕሉ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ፣ ያለ ፍላሽ ያንሳ። 12 ሜጋፒክሰል ስልክ ለኤ4 ወረቀት ይበቃል፤ ኤ2 ላይ ሲዘረጋ ቀረብ ብሎ ለሚያይ ይደበዝዛል። ማተሚያ ቤቱንም ስለ ቀለሙ መጠየቅ ነው። ፒግመንት የሚባለው ቀለም ፀሐይን ከተራው በተሻለ ይችላል፤ በዚህ ፀሐይ ደግሞ ልዩነቱ ቶሎ ይታያል።

ዘንድሮ በካምፓችን ያለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ስድስት የሊኖ ህትመት አዘዘን። ባለቤቷ «ጀሪካንና ድንኳን አትሳሉብኝ፣ እሱን ሁሌም እናየዋለን፤ ጀበና ሳሉልኝ» አሉ። ልጆቹ ትንሽ አጉረመረሙ፣ እኛም ቅር ብሎን ነበር። ግን ግድግዳው የእሳቸው ነው። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሥዕሉን ዓይነት፣ ብዛቱን፣ ዋጋውን፣ የማባዛት መብቱ የሠዓሊው ሆኖ እንደሚቀር ጽፈን ተፈራረምን። ልጆቹም ከእያንዳንዱ ሥር በእርሳስ ከ1/6 እስከ 6/6 ቁጥር ጽፈው ስማቸውን አሰፈሩ።

ለዚያኛው ሆቴል ደብዳቤ ጽፈናል፤ መልስ አልመጣም። የተፈራረምንበትን ወረቀት ቅጂ የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ወደ ክበቡ ክፍል ብቅ ይበል። እርሳስ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የእኛ አልቋል።