በረራ አመለጣችሁ? «ትኬቱ ተቃጠለ» ከማለታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ከዓረብ ሀገር ወደ ቤት የሚመለስ ሰው ትኬቱን በቀላሉ አያገኘውም። ወይ የወራት ደሞዝ ነው፣ ወይ የጓደኞች መዋጮ፣ ወይ ከአሠሪ ጋር የረጅም ጊዜ ንትርክ። ያ በረራ ሲያመልጥ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ተቃጠለ» ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚቃጠለው ወንበሩ ነው እንጂ ገንዘቡ በሙሉ አይደለም። ምን ያህሉ እንደሚተርፍ የሚወስነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የምታደርጉት ነገር ነው። እስቲ በቅደም ተከተል እንየው።

መጀመሪያ፣ ለምን ያመልጣል?

ትራፊክ አለ፣ የወረቀት ጉዳይ አለ። የእኛ ሰው ላይ በተለይ የሚደርሰው ግን የሰዓት አቆጣጠር ጣጣ ነው። ትኬቱ ላይ «ማርች 15፣ 02:30» ቢል፣ ይሄ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አይደለም። በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ኤርፖርት መገኘት ያለባችሁ ደግሞ ማርች 14 ማታ ነው፤ ምክንያቱም በፈረንጆቹ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በእኛ ቀን የሚቀየረው ሲነጋ ስለሆነ «የ15 ሌሊት» ሲባል 15 ውሎ አልፎ የሚመጣው ሌሊት ይመስለናል። ያኔ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻው ከተማ ሰዓት መሆኑንም አትርሱ። ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ ግን በ1 ሰዓት ትቀድማለች።

«ኖ ሾው» የሚሉት ነገር

ሳታሳውቁ ከቀራችሁ አየር መንገዱ ሲስተም ላይ «ኖ ሾው» ብሎ ይመዘግባችኋል፤ አልመጣም ማለት ነው። ይህ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ በብዙ ትኬቶች ላይ ቅጣቱ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ደርሶ መልስ ከሆነና የመጀመሪያውን በረራ ካልተሳፈራችሁ የመልሱም ቦታ አብሮ ሊሰረዝ ይችላል። «መሄጃውን በሌላ ትኬት እሄዳለሁ፣ መልሱ አለኝ» ብሎ ማሰብ የሚያከስረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እንደማትደርሱ ካወቃችሁ፣ መንገድ ላይ ሆናችሁም ቢሆን፣ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ደውሉ ወይም በአፑ በረራውን ቀይሩ። የዓለም አቀፍ በረራ ቼክ ኢን ብዙ ጊዜ ከመነሻው 1 ሰዓት በፊት ይዘጋል። ከዚያ በፊት የተደረገ ስልክ ከነገ ልመና ይሻላል።

ኤርፖርት ደርሳችሁ ከተዘጋባችሁ

ወደ ቤት አትመለሱ። እዚያው የአየር መንገዱን ትኬት ቢሮ ፈልጉና ቀጣዩ በረራ ላይ ቦታ እንዳለ ጠይቁ። ፓስፖርታችሁ ላይ የመውጫ ማህተም ከተመታ በኋላ በሩ ላይ ካመለጣችሁ ደግሞ፣ በኢሚግሬሽን በኩል ተመልሳችሁ ማህተሙ እንዲሰረዝ አድርጉ። አለበለዚያ ወረቀቱ ላይ ከሀገር የወጣችሁ ትመስላላችሁ። ያስገባችሁት ሻንጣ ከአውሮፕላኑ ስለሚወርድ የሻንጣውን ቁራጭ ወረቀት ያዙ።

ትኬቱን ማን ሸጠላችሁ?

ከአየር መንገዱ በቀጥታ ከገዛችሁ በአፕ፣ በስልክ ወይም በቢሮ ማስቀየር ይቻላል። ከኤጀንሲ ከሆነ ብዙ ጊዜ አየር መንገዱ ወደዚያው ይመልሳችኋል፤ ኤጀንሲው ደግሞ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። አሠሪ ከገዛው፣ ተመላሽ ገንዘብ ካለ የሚገባው ወደከፈለው ሰው ካርድ ነው። ስለዚህ ተመላሽ ከመጠየቅ በፊት ቀኑን ማስቀየር ይቻል እንደሆነ አጣሩ።

ማንም ጋ ብትሄዱ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ፦

1. የመቀየሪያውና የኖ ሾው ቅጣቱ ስንት ነው?
2. የዋጋ ልዩነቱስ? (አዲሱ ቀን ውድ ከሆነ ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።)
3. ትኬቱ እስከ መቼ ያገለግላል?
4. ካልተጠቀምኩበት የኤርፖርት ታክሱ ይመለሳል?

አራተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። «ተመላሽ የለውም» የተባለ ትኬት ላይ እንኳን ያልበረራችሁበት የኤርፖርት ታክስ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ቅጣቱና ልዩነቱ ተደምሮ ከአዲስ የአንድ ጉዞ ትኬት ከበለጠ፣ አዲስ ገዝቶ የድሮውን ታክስ መጠየቅ ያዋጣል።

ትራንዚት ላይ ካመለጠ

ሁለቱም በረራ በአንድ ትኬት ከሆነና የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጣችሁ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቀጣዩ ላይ ማሳፈር የአየር መንገዱ ሥራ ነው። ለየብቻ የተገዙ ሁለት ትኬቶች ከሆኑ ግን ኪሳራው የእናንተ ነው። ርካሽ ያገኘን መስሎን የምንገዛው የተቆራረጠ ትኬት ዋጋው እዚህ ላይ ይወጣል።

ቪዛውን እንዳትረሱ

ከገንዘቡ የባሰው ይሄ ነው። የሳዑዲ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ቀን አለው። አዲሱ በረራ ከዚያ ቀን ካለፈ አሠሪው በአብሸር ሲስተም መሰረዝና እንደገና ማውጣት ይኖርበታል፤ ስለዚህ ቀኑን ሳታዩ ትኬት አትቀይሩ። በኤምሬቶች ደግሞ ቪዛው ላለፈበት ለእያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ይቆጥራል። ሳምንት ቆይቶ የሚገኝ ርካሽ በረራ በቅጣት ሊወደድ ይችላል።

ከአጭበርባሪ ተጠንቀቁ

ሰው በተጨነቀበት ሰዓት «በቅናሽ እናስቀይራለን» የሚል አይጠፋም። የትኬታችሁን ፎቶ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው የቡኪንግ ኮድና ትኬቱ ላይ የተጻፈው የቤተሰብ ስም ያለው ሰው ቡኪንጋችሁን ገብቶ ማየት፣ አንዳንዴም መቀየር ይችላል።

ገንዘብ ከከፈላችሁ በኋላም አጣሩ። የቡኪንግ ኮድ ብቻውን ትኬት አይደለም፤ ቦታ ተይዞ ካልተከፈለበት ይሰረዛል። እውነተኛ ትኬት 13 አሃዝ ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ኮዱን አየር መንገዱ አፕ ላይ አስገቡና ስማችሁ፣ ቀኑና ይህ ቁጥር መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

በቅርቡ የሚመለስ እህት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩላቸው። ከዚያም ደውሉና «ትኬቱ ላይ ያለው ቀንና ሰዓት በእኛ ስንት ነው?» ብላችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የወራት ደሞዝ ግን ያተርፋል።