የአማካይ ክፍል አሰላለፍ

የአማካይ ክፍል አሰላለፍ በተከላካዮችና በአጥቂዎች መካከል ስንት ተጫዋች እንደሚሰለፍ፣ የት የት እንደሚቆምና አንዱ ቦታውን ሲለቅ ማን እንደሚሸፍንለት የሚወስን ምርጫ ነው። በቁጥር ሲጻፍ ከተከላካይ ወደ አጥቂ ይነበባል፤ ግብ ጠባቂው አይቆጠርም። 4-3-3 መሃል ላይ 3 ሰው፣ 4-4-2 ደግሞ 4 ሰው አለው። 4-2-3-1 አማካዮቹን በሁለት እርከን ይከፍላቸዋል፦ 2 ከኋላ፣ 3 ከፊት። አልማዝ የሚባለው ቅርጽ ከ4ቱ አማካዮች አንዱን ከኋላ፣ ሁለቱን በግራና በቀኝ፣ አንዱን ከፊት ያደርጋል። ይህን ያህሉን ኳስ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል።

የሥራ ድርሻቸውም በማልያ ቁጥር ይጠራል። 10 ቁጥሩ ከአጥቂው ጀርባ ሆኖ የመጨረሻዋን ኳስ ያቀብላል፤ 8 ቁጥሩ በሁለቱ የግብ ክልሎች መካከል ይመላለሳል፤ 6 ቁጥሩ ከመሃል ተከላካዮቹ ፊት ቆሞ የተጋጣሚን ኳስ ያቋርጣል፣ የወጣ ጓደኛውን ቦታ ይሸፍናል። ተመልካች የሚያጨበጭበው ለ10 ቁጥሩ ነው፤ አሰላለፍ መምረጥ መጀመር ያለበት ግን ከ6 ቁጥሩ ነው። አንድ ቡድን ብቻውን ቆሞ ግራ ቀኙን የሚያይና ጓደኞቹን እየተጣራ የሚያሰልፍ 6 ቁጥር ካለው በአንድ ተከላካይ አማካይ ይጫወታል። ከሌለው ሁለት ጎን ለጎን ያቆማል። በዋግ ኽምራ ዞን ሜዳዎች ጥሪው በኽምጣኛም በአማርኛም ይሰማል፤ ዝምተኛ 6 ቁጥር ግን በየትኛውም ቋንቋ ቡድኑን አይጠቅምም።

የጥንቱ አሰላለፍ 2-3-5 ነበር። በ1925 እ.ኤ.አ. የከጨዋታ ውጪ ሕግ ሲሻሻል በአጥቂው ፊት መኖር ያለባቸው ተጋጣሚዎች ቁጥር ከ3 ወደ 2 ወረደ፤ ጎልም በዛ። የአርሰናሉ አሰልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን የመሃሉን አማካይ ወደ ኋላ ስቦ ተከላካይ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ያለው የአሰላለፍ ታሪክ በአብዛኛው አማካይን ወደ ኋላና ወደ ፊት የማመላለስ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አምበሏ ሉቺያኖ ቫሳሎ አማካይ ነበር። ግብፅ 2 ለ 1 እየመራች ሳለ በ84ኛው ደቂቃ አቻ ያደረገችውን ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው፤ በተጨማሪው ሰዓት ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ።

አሰላለፍ በሚመረጥበት ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው እምነት መሃል ላይ አንድ ሰው የጨመረ ጨዋታውን ወሰደ የሚለው ነው። ከሰቆጣ ሻይ ቤቶች እስከ አዲስ አበባ ስታዲየም ድረስ ይደመጣል። እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። ሪያል ማድሪድ ተከላካይ አማካዩን ክሎድ ማኬሌሌን በ2003 እ.ኤ.አ. ለቸልሲ ሸጠ፤ በቀጣዩ ዓመት የመጡት አሰልጣኝ ጆዜ ሞሪንሆ ሦስት አማካዮችን መሃል ላይ አድርገው ማኬሌሌን ከኋላ አቆሙት። በ4-4-2 የሚጫወቱ የእንግሊዝ ቡድኖች በመሃል ሁለት ብቻ ስለነበሯቸው አንድ የቸልሲ ሰው ሁልጊዜ ያለ ጠባቂ ይቀር ነበር። በ2004/05 የውድድር ዘመን ቸልሲ በ38 ጨዋታ የገባበት ጎል 15 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት አማካይ ያላሰለፈ አሰልጣኝ ኋላ ቀር ተባለ።

ሌስተር ሲቲ ግን በ2015/16 የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ያሸነፈው በ4-4-2 ነው። መሃል ላይ የነበሩት ንጎሎ ካንቴና ዳኒ ድሪንክዋተር ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሦስት አማካይ ያላቸው ቡድኖች ለምን አልዋጧቸውም? የፊት አጥቂው ሺንጂ ኦካዛኪ ኳስ በጠፋ ቁጥር ወደ መሃል ስለሚወርድ፣ የመስመር አማካዮቹ ወደ ውስጥ ስለሚጠጉና ተከላካዮቹም ወደ አማካዮቹ ስለሚቀርቡ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት የተባሉት ሜዳው ላይ አራትና አምስት ይሆኑ ነበር።

ከዚህም የቀረበ ማስረጃ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ ውስጥ አለ፤ እንደሚገባው ሲነገር ግን አይሰማም። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመሩት ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ተጋጠሙ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ሲገባ አንድ የሜዳ ተጫዋች ቦታ መልቀቅ ነበረበት፤ ቡድኑ ከእረፍት በፊት ጎል ገባበት። ሆኖም በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አስቆጥሮ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። አሥር ሰው ከአሥራ አንድ የአፍሪካ ሻምፒዮኖች ጋር እኩል ወጣ።

ከአራት ቀን በኋላ በዚያው ሜዳ ነገሩ ተገለበጠ። ቡርኪና ፋሶ 1 ለ 0 እየመራች ሳለ ግብ ጠባቂዋ አብዱላይ ሱላማ ከግብ ክልሉ ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ካርድ ወጣ። አሁን ትርፍ ሰው የነበራት ኢትዮጵያ ናት። ከዚያ ደቂቃ በኋላ ግን አሥር ሰው የቀራት ቡርኪና ፋሶ ሦስት ጎል ጨምራ 4 ለ 0 አሸነፈች። ጎል ፍለጋ ወደ ፊት የወጣ ቡድን በአማካዮቹና በተከላካዮቹ መካከል ሰፊ ሜዳ ጥሎ ይሄዳል፤ እዚያ ባዶ ሜዳ ላይ የሚሮጡ ሁለት ፈጣን አጥቂዎች ትርፉን አማካይ ከነመኖሩም አያውቁትም። ሁለቱ ጨዋታዎች ጎን ለጎን ቢታዩ ከሰው ቁጥር ይልቅ በሰዎቹ መካከል ያለው ርቀት እንደሚወስን ያሳያሉ።

ርቀቱም ይሰላል። 68 ሜትር ስፋት ባለው ሜዳ ላይ 4 አማካዮች በመስመር ቢቆሙ ለእያንዳንዱ 17 ሜትር፣ 3 ቢቆሙ 23 ሜትር ገደማ ይደርሰዋል። ያ የስድስት ሜትር ልዩነት በ90 ደቂቃ ውስጥ በእግር የሚከፈል ነው። ስለዚህ 4-3-3ን የሚመርጥ አሰልጣኝ የመስመር አጥቂዎቹ ኳስ ሲጠፋ እንደሚመለሱ እርግጠኛ መሆን አለበት። ካልተመለሱ አሰላለፉ መሃል ላይ ሦስት የደከሙ ልጆችን ያስቀራል። የቀድሞዎቹን የባርሴሎና ሦስት አማካዮች በቴሌቪዥን አይቶ በማግስቱ የወረዳውን ምርጥ ቡድን በዚያው ቅርጽ የሚያሰልፍ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቻቪን፣ ኢኒየስታንና ቡስኬትስን ያየውን ያህል ኳስ እንደተነጠቀች ፊት ያሉት አጥቂዎች እንዴት እንደሚያሳድዱ አላየም።

ቀጥሎ የሚታየው ሜዳው ነው። የኔልስፕሩቱ ሜዳ ሣሩ የተነቀለና አሸዋማ ስለነበር ብዙ ትችት ደርሶበታል፤ በአጭር ቅብብል የሚታወቀውን የኢትዮጵያ ቡድንም አልጠቀመም። በዋግ ኽምራ፣ በጋዝጊብላና በሰቆጣ ዙሪያ ያሉ የቀበሌና የትምህርት ቤት ሜዳዎች ደግሞ ብዙዎቹ ሣር የላቸውም፤ ጠጠር ይበዛባቸዋል፣ ወደ አንድ ጎንም ያዘነብላሉ። ጠጠር ላይ ኳስ ስለምትነጥር ሦስተኛው ቅብብል ይበላሻል፤ ጨዋታውን የሚወስነው ከግጭት በኋላ የምትፈናጠረውን ኳስ ማን ቀድሞ ያገኛል የሚለው ነው። ለዚህ የሚሻለው ሁለት ተከላካይ አማካዮች ያሉት 4-2-3-1 ወይም የተጠጋጋ 4-4-2 ነው። አንዱ ለግንባር ኳስ ሲዘል ሌላው ከጀርባው ይጠብቃል። አልማዝ የሚያምረው በጠባብ ሜዳ ነው፤ በሰፊው ላይ መስመሮቹን ገልጦ ይሰጣል።

ከፍታም አለ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የሚገታት አየር ስለሚቀንስ ረጅም ኳስ ከታሰበላት አልፋ ትሄዳለች፤ ከቆላ የመጣ ተጫዋችም ትንፋሽ ያጥረዋል። የደጋ ልጅ ትንፋሹን ለምዶታል፤ ቆላ ወርዶ ሲጫወት ግን የሚገታት አየር ስለሚጨምር ረጅም ኳሱ ሳትደርስ ትቀራለች።

የሜዳው ማዘንበል ብዙ አሰልጣኞች የሚንቁት ነገር ነው፤ ሊናቅ ግን አይገባም። ሜዳው በርዝመቱ ካዘነበለ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ አንዱን አጋማሽ ሽቅብ፣ ሌላውን ቁልቁል መጫወት ነው። በጎኑ ያዘነበለ ሜዳ ላይ ግን ያመለጠች ኳስ ሁሉ የምትንከባለለው ወደ ታችኛው መስመር ነው፤ ጨዋታውም እዚያው ይከማቻል። ታችኛው መስመር በመጀመሪያው አጋማሽ በቀኝ ከሆነ ጎል ሲቀያየሩ በግራ ይሆናል። ታችኛው መስመር ላይ የተሰለፈው ትጉህ የቀኝ አማካይ በእረፍት ሰዓት ቦታውን ካልቀየረ ኳስ ወደማትመጣበት ላይኛው መስመር ይሄዳል፤ ደካማው የግራ አማካይ ደግሞ ጨዋታው ሁሉ ወደሚወርድበት። ሁለቱን የመስመር አማካዮች በእረፍት ማለዋወጥ ይህን ያስቀራል፤ የሚያስፈልገው ከጨዋታው በፊት ኳሷን መሃል ላይ አስቀምጦ ወዴት እንደምትንከባለል ማየት ነው። ከሁለቱ ተከላካይ አማካዮችም አንዱ በእያንዳንዱ አጋማሽ ወደ ታችኛው መስመር አምስት ስድስት ሜትር ይጠጋል፤ 10 ቁጥሩ ግን መሃሉን አይለቅም፤ ከግርግሩ የምትወጣውን ኳስ ወደ ባዶው ላይኛው መስመር የሚልከው እሱ ነው።

ቅያሪም ከዚሁ ጋር ይታሰባል። ቀድሞ የሚደክመው በታችኛው መስመር የሚጫወተው አማካይ ስለሆነ አንድ ቅያሪ እስከ መጨረሻው ግማሽ ሰዓት ለእሱ ይቆጠባል። ሰው በቀይ ካርድ ከወጣ ከአጥቂዎቹ አንዱ ተቀንሶ 4-4-1 ይሆናል፤ አራቱ አማካዮች ይበልጥ ይጠጋጋሉ እንጂ አይነኩም።