ለቡለን ደጃፍ የምትሆን ካሜራ

መተከል ዞን፣ ቡለን ላይ ሱቅ ወይም የእህል መጋዘን ያለው ሰው ሌሊት ጆሮው በሩ ላይ ነው። ከገበያ የሚገዛው የጥበቃ ካሜራ ግን ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለሌላ ከተማ ነው። ምስሉን ባሕር ማዶ ላለ ኮምፒውተር ልኮ፣ ከዚያ ለባለቤቱ ስልክ ይመልሳል። ኔትወርክ ሲጠፋ ባለቤቱ ምንም አያይም።

በገዛ እጅ የምትሠራ፣ ኢንተርኔት የማትጠይቅ ካሜራ አለች። ኢኤስፒ32-ካም ትባላለች። 27 በ40.5 ሚሊ ሜትር ናት፤ ከክብሪት ቀፎ ታንሳለች። አንጎሏ የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢኤስፒ32 ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ ማለትም አንድ የተሰጠውን ሥራ ሳይታክት የሚደጋግም፣ ዋይፋይ ከውስጡ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር። ዓይኗ 2 ሜጋፒክሰል ነው። ለሜሞሪ ካርድ ቦታ አላት። ውጭ አገር ከ10 ዶላር በታች ትሸጣለች።

ጥበቃ የሚለው ቃል ቡለን ውስጥ ከባድ ነው። ታኅሣሥ 2013 በወረዳው በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቋል። እንዲህ ላለው መከራ ይህችን ካሜራ መፍትሔ ብዬ አላቀርብም። የሱቅ በር ታያለች፤ ጎተራ ታያለች።

ካሜራዋ የተሠራችበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የዩኤስቢ መሰኪያ ስለሌለ፣ የሚያሠራት ፕሮግራም ከኮምፒውተር የሚጫነው በመካከለኛ አስማሚ ነው። ሲጫን «አይኦ0» የተባለው እግር ከ«ግራውንድ» ጋር በሽቦ ይገናኛል፤ ሲያበቃ ሽቦው ተነቅሎ ሰሌዳዋ እንደገና ትነሣለች። ፕሮግራሙን ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም፤ አርዱዊኖ በተባለው ነፃ መጻፊያ ውስጥ ለካሜራዋ የተዘጋጀ ምሳሌ አለ። ምሳሌው ካሜራዋን ከሌላ ዋይፋይ ጋር ያገናኛታል። ለቡለን የሚበጀው ግን ያንን መስመር ቀይሮ የራሷን ዋይፋይ እንድትፈጥር ማድረግ ነው። ስልክ ከእሷ ዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ በብሮውዘር 192.168.4.1 ሲጻፍ በሩ ይታያል፤ የስልክ ካርድ ሒሳብ አይቆጥርም። የይለፍ ቃል ሳይሰጡ መተው ግን በሩን ለመንገደኛ ሁሉ ማሳየት ነው። ቆርቆሮ ዋይፋይን ክፉኛ ያግዳል፤ ግድግዳው ቆርቆሮ ከሆነ ካሜራዋና ስልኩ በመስኮት ወይም በእንጨት በር በኩል ይተያዩ።

ትልቁ ፈተና መብራት ነው። ካሜራዋ 5 ቮልት ትፈልጋለች፤ ምስል ስታስተላልፍ 1 ዋት ገደማ ትበላለች፤ በቀን 24 ዋት-ሰዓት መሆኑ ነው። 10,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ የሚይዘው ወደ 37 ዋት-ሰዓት ሲሆን፣ የሚባክነው ሲቀነስ ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። 10 ዋት የሶላር ፓኔል በቀን 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ካገኘ 50 ዋት-ሰዓት ያመጣል፤ ለበጋ ይበቃል። ለክረምቱ ደመና ግን ከዚያ የሚበልጥ ፓኔል፣ አለዚያም ካሜራዋን ማስተኛት ያስፈልጋል። የሰውነት ሙቀት የሚለይ፣ ፒአይአር የተባለ ሴንሰር ከተያያዘባት ሰው ሲቀርብ ይቀሰቅሳታል፤ ፎቶ አንስታ ካርዱ ላይ አስቀምጣ ትተኛለች። አንዳንድ ፓወር ባንክ እሷ ስትተኛ ምንም እንዳልተሰካበት ቆጥሮ ራሱን ያጠፋልና፣ ለዚህ ሥራ ሊቲየም ባትሪ ከቮልት ማሳደጊያ ጋር ይሻላል። ረጅምና ቀጭን ገመድም ቮልቱን ያወርደዋል፤ ካሜራዋ ደጋግማ ጠፍታ ስትነሣ የተበላሸች ትመስላለች። ካሜራዋን ከመጣል በፊት ገመዱን አሳጥሮ መሞከር ነው።

ጨለማ ውስጥ እምብዛም አታይም። ሰሌዳዋ ላይ ያለችው ነጭ መብራት ቅርብ ያለውን ብቻ ታሳያለች፤ በዚያ ላይ ካሜራዋ የት እንዳለች ለሌባው ትጠቁማለች። በር ላይ የሶላር አምፖል መስቀል ከሁሉ ይቀላል። አቅጣጫዋም ወደ ራስ ደጅ ይሁን፤ የጎረቤት ግቢ ውስጥ መግባት የለባትም። አገሪቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዳላትም ማወቅ ይገባል።

ሌባው ካሜራዋን ነቅሎ ቢሄድ ካርዱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለተኛ ኢኤስፒ32፣ ወይም ከአገልግሎት የወጣ ስልክ፣ ቤት ውስጥ ተደብቆ የተነሣውን ፎቶ ወዲያው በዋይፋይ እንዲቀበላት አደርጋለሁ። ያን ጊዜ የሚወሰደው ሰሌዳዋ ብቻ ነው፤ የሌባው ፎቶ ቤት ይቀራል።