ካሽ ከማጥፋት በፊት

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሰቃ ስሟ የሚነሳው ከቡና ጋር ነው። እንደ ሌሎች የአገሪቱ ወረዳዎች ሁሉ ግን ሰቃ ያለችበት የሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ የዕለት ሥራም ከዓመት ዓመት በኮምፒውተርና በስልክ ላይ እየተንጠለጠለ መጥቷል። ሪፖርቱ አልከፈት ሲል ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ካሹን አጥፋው»። ምክሩ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ አንዳንዴ ግን የወር ልፋት ይዞ ይሄዳል።

በጤናው ዘርፍ ዋናው መሣሪያ ዲኤችአይኤስ2 ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራ ክፍት ሶፍትዌር ሲሆን፣ ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አውሎታል። በንግዱ በኩል ኤክሴል፣ ፓወር ቢአይና ታብሎ ይታወቃሉ። ሁሉም መረጃውን በየጊዜው ከምንጩ ከመጥራት ይልቅ ቅጂውን ቅርብ ቦታ ያስቀምጣሉ፤ ካሽ የሚባለው ይኸው ቅጂ ነው። የኤክሴል ፒቮት ቴብል ቅጂውን እዚያው ፋይሉ ውስጥ ይይዛል፤ ፓወር ቢአይ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ያከማቻል። ዲኤችአይኤስ2 ደግሞ በብራውዘሩና በሰርቨሩ ካሽ ይይዛል፤ ከዚያም በላይ ለትንተና የሚሆኑ ሠንጠረዦችን ለብቻ ያዘጋጃል።

ካሽ የሚበላሽባቸው ምክንያቶች ብዙ አይደሉም። ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ግማሹ ብቻ ተጽፎ ይቀራል። ዲስክ ሲሞላም እንዲሁ ነው። ሶፍትዌሩ ሲታደስ አሮጌው ቅጂ ከአዲሱ ስሪት ጋር ላይግባባ ይችላል፤ ጸረ ቫይረሱም ፋይሉን ቆልፎ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ዲኤችአይኤስ2 የሚጠቀመው ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ እያንዳንዱን ለውጥ አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚጽፍ፣ ድንገት ቢጠፋም ከመዝገቡ ተነስቶ ራሱን ያስተካክላል። ካሽ ግን እንደገና ሊሠራ የሚችል ነገር ተደርጎ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ጥንቃቄ አይደረግለትም።

ሁሉም ችግር ግን ብልሽት አይደለም። ዛሬ የገባ ቁጥር በዲኤችአይኤስ2 ሠንጠረዥ ላይ ካልታየ ብዙውን ጊዜ የትንተና ሠንጠረዦቹ ገና ስላልታደሱ ነው፤ እድሳቱ በአብዛኛው ሌሊት እንዲካሄድ ይደረጋል። እዚህ ላይ የብራውዘሩን ካሽ ማጥፋት ምንም አይፈይድም። የካሽ ብልሽት ሌላ መልክ አለው፦ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ክቡ ሲሽከረከር ይውላል፣ ወይም ትናንት ይከፈት የነበረው ዛሬ ስህተት ይላል።

ለመለየት ቀላሉ መንገድ ያንኑ ገጽ በብራውዘሩ የግል መስኮት መክፈት ነው። የግል መስኮት የቀድሞውን ቅጂ አይጠቀምም፤ እዚያ ከሠራ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው በተቀመጠው ቅጂ ላይ ነው። እዚያም እምቢ ካለ በሌላ ኮምፒውተር ይሞከራል። ሁለቱም ካልሠሩ ጉዳዩ የሰርቨሩ ወይም የኔትወርኩ ስለሆነ ለአስተዳዳሪው ይነገራል።

አደጋው ያለው ቀጥሎ ነው። የዲኤችአይኤስ2 መረጃ ማስገቢያ ኔትወርክ ሲቋረጥ የተሞላውን ቁጥር ብራውዘሩ ውስጥ ያቆያል፤ ግንኙነቱ ሲመለስም ያልተላከ መረጃ እንዳለ ይናገራል። በዚያ ቅጽበት እዚያ ያለው ቁጥር ሰርቨሩ ላይ አልደረሰም። የብራውዘሩን ማከማቻ ጠራርጎ ማጥፋት ሪፖርቱን ራሱን ማጥፋት ነው።

ቡናውም ከዚህ አያመልጥም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ቡናው የበቀለበት መሬት መገኛ እንዲታወቅ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ መሬት ደግሞ ዙሪያው ጭምር ይፈለጋል። ይህን መረጃ ኔትወርክ በሌለበት ማሳ ላይ በስልክ የሚሰበስብ ሰው በአንድሮይድ ቅንብር ውስጥ ሁለት ጎረቤት ቁልፎች ያገኛል። «ካሽ አጥፋ» ጊዜያዊውን ቅጂ ብቻ ያነሳል፤ «ዳታ አጥፋ» ግን መተግበሪያው በስልኩ ላይ የያዘውን ሁሉ፣ ያልተላከውንም ጨምሮ፣ ያስወግዳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይገባም፦ መጀመሪያ መላክ፣ ቀጥሎ በሌላ ማሽን ገብቶ መድረሱን ማየት፣ ከዚያ ችግር ያሳየውን ድረ ገጽ ካሽ ብቻ ማጽዳት። መብራት በሚቆራረጥበት ቢሮ ዩፒኤስ ወይም ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ መጠቀምና ዲስኩን ከመሙላቱ በፊት ማቃለል ብልሽቱን ከመነሻው ይቀንሳል።