ያልሻረ ቁስል በትዳር ውስጥ

ባል በጨለማ ድንገት ሲነካት ሚስት ክው ትላለች። እሱም «ጠልታኛለች» ብሎ ያኮርፋል። ነገሩ ግን ሁልጊዜ ጥላቻ አይደለም። በልጅነቱ ለዓመታት የተደበደበ፣ የተደፈረ ወይም በጦርነት መካከል የኖረ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አደጋው ካለፈ በኋላም ሊባንን፣ ራሱን ሊንቅ፣ የቅርብ ሰው ማመን ሊቸግረው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መለያ ይህ ራሱን የቻለ ሕመም ነው።

ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በመነጋገር ይታከማል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ባል «ምን ደርሶብሽ ነው? ንገሪኝ» እያለ አያስጨንቅ። ከመንካቱ በፊት ይጠይቅ፤ «ዛሬ ይቅር» ስትለውም አያኩርፍ።

እመቤቶች፣ ሉፕ ለማስገባት ወይም ለማህፀን ምርመራ ሲመጡ «ቀስ በሉ»፣ «አቁሙ» ማለት ይችላሉ። ሴት ባለሙያ እንድታይዎትም ይጠይቁ። ምክንያቱን የማስረዳት ግዴታ የለብዎትም።