ደላላው ከአከራይ ጋር የሚያወራው

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የማከራይ ደላላ ነኝ። ቤት ፈላጊው ከጀሞ ሰሚት፣ ከሰሚት የካ አባዶ ሲንከራተት በየቀኑ አያለሁ። ለምን እንደሚንከራተት ግን እሱ አያውቅም፤ እኛ እናውቃለን። ለእናንተ ስል እነግራችኋለሁ፤ ከማን ሰማችሁ ብትባሉ ዝም በሉ።

አንድ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ሲለቀቅ ወሬው ከደላላ ደላላ ይዞራል፤ ኮሚሽን ለመካፈል ነው። ሦስት ደላላ ሲደውልላችሁ ሦስት ቤት የተገኘ ይመስላችኋል፤ ስትደርሱ በሩ ያው አንዱ ነው። ቴሌግራም ላይ የምታዩት ፎቶም ብዙ ጊዜ የተከራየ ቤት ነው። "እሱማ ጠዋት ተያዘ፣ ሌላ ላሳያችሁ" የምትባሉት ለዚህ ነው።

ቤት የሚታይበት ቅደም ተከተልም አለው። መጀመሪያ ጨለማው፣ ቀጥሎ ሽንት ቤቱ የጋራ የሆነው፣ ደረጃውና ፀሐዩ ካደከማችሁ በኋላ ደግሞ ከጅምሩ የታሰበላችሁ። በዚያ ሰዓት ስለ ውሃ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እናንተ ግን ሽንት ቤቱን ከፍታችሁ እዩ። በርሜል ሞልቶ፣ ጣሳ ተንሳፎበት፣ ጎኑ ጀሪካን ተደርድሮ ካገኛችሁ ውሃው በፈረቃ ነው። አራተኛ ፎቅ ከሆነ ደግሞ በፈረቃው ቀንም ላይደርስ ይችላል።

አከራይ በስልክ "ልጅ ያለው እንዳታመጣ"፣ "ላጤ ወንድ አልፈልግም" ይለናል። ተከራይ ፊት ሲሆን ግን "ለዘመድ ሰጥቼዋለሁ" ይባላል። ልጆቿን ይዛ የመጣች እናት ቤቱን ወዳ፣ በዋጋው ተስማምታ፣ በዚህ ሰበብ ስትመለስ ማየት ያንገበግባል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከገባችሁ በኋላ የሚሆነው ነው። ደላላ የሚበላው ቤት ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ ዓመት ሳይሞላችሁ ለአከራያችሁ የሚደውል አለ፤ "ጋሼ፣ በዚህ ዋጋ ነው እንዴ ያከራዩት? ጨምሮ የሚገባ ሰው ይዣለሁ።" ብዙም ሳይቆይ "ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ልቀቁልኝ" ትባላላችሁ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን ይከለክላል። ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። አዋጁን የምናመልጥበት መንገድም አለን። ወረቀቱ ላይ ዝቅ ያለ ኪራይና የ2 ወር ቅድሚያ ይጻፋል፤ ቀሪው በጥሬ ብር እጅ በእጅ ይሰጣል። "ለግብሩ ብለን ነው፣ እናንተን አይነካም" ትባላላችሁ። ይነካችኋል። ጠብ የመጣ ቀን በእጅ የሰጣችሁት ብር ማስረጃ የለውም፤ ውሉ ካልተመዘገበ ደግሞ ሁለት ዓመት የመቀመጥ መብታችሁን ማስከበር ይከብዳችኋል።

ቤት የቸገረው ሰው መከራከር እንደሚያቅተው አውቃለሁ፤ እኛም የምንጠቀምበት ይህንኑ ነው። በሌላው ሁሉ ብትሸነፉ በዚህ አትሸነፉ፤ የምትከፍሉት ሙሉ ኪራይ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ በባንክ ይግባ፣ ውሉም ይመዝገብ። ይህን ስትጠይቁ የሚቆጣ ደላላ ከእናንተ ቀጥሎ የሚያስገባውን ተከራይ ከወዲሁ እያሰበ ነው።